እፍኝ አፈር ከየቡ

ከየቡ ስመለስ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣
ከረጢቱ ጭኔ ላይ፣ እንደ ሕፃን ሲሞቅ፣
ረዳቱ ጠየቀኝ፦ «ምንድን ነው የያዝሽው?»
«አፈር ነው።» «አፈር? ጅማ ጠፍቶ ነው ከዚህ የጫንሽው?»
ሒሳቡን ተቀብሎ መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፤
«የአፈሩን ምሬሻለሁ» ብሎ ቀለደብኝ።
ምን ብዬ ልንገረው? በዚያች እፍኝ ውስጥ ከጅማ ሕዝብ የበዛ ነዋሪ፣
ቀበሌ ያልመዘገበው፣ በጨለማ አዳሪ፣
አለ ብለው ኖሮ፣
በነፍስ ወከፍ ባስከፈለኝ ቆጥሮ።

የአባ ዱራ ማሳ ከወንዙ በላይ ነው።
ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅርንጫፍ ቢጫ አለ፤
ባንድ በኩል ረገፈ፣ ሌላው ጎን እንዳለ፤
ግማሽ ፊቱ እንደከዳው ሰው፣ ዛፉ ቆሞ ዋለ።
በመስከረም ሞተ።
ጎረቤቱም ታመመ፤ የጎረቤቱ ጎረቤት ተከተተ።
አሥራ ሰባት እግር ቡና፣ ስሙ እንደተጠራ፣
ባንድ መስመር ሄደ፣ በተራ በተራ።
ልጣጩን ስገልጠው ውስጡ ጠቁሮ ኖሯል።
«ማን ነው ያመጣብኝ?» አለኝ አባ ዱራ፣
ወገቡ ላይ ገጀራ፣
አረም ሲመነጥር ግንድ የነካበት፣
ከግንድ ወደ ግንድ የተሻገረበት፣
ስለቱ ሲያበራ።
ዝም አልኩ። እሱም ዝም። ስለቱን አየ፤
ከዚያ ቀስ አድርጎ ከወገቡ ለየ፣
ሣሩ ላይ አጋደመው።

አንዲት ግን አልሞተች፣ ከሰሳው ጥላ ሥር፤
ግንዷ ላይ ጠባሳ፣ የስለቱ አሻራ፣ ያው እንደ ነበር።
«እሷንም ቆርጫታለሁ፣» አለ፣ «ሞት ረሳት።»
አልረሳትም። መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ቀመሳት።
ቁስሏን ዘጋችበት፤ ከሥር ጫፎቿ ላይ አንጠባጠበች
ስኳርና ቅመም፤ ራሷ ተርባ እንግዳ ጠራች።
ሸትቷቸው መጡ፣ ዓይን የማይገቡት፣
በመርፌ ጫፍ መንደር መሥርተው የሚኖሩት።
አንዳንዱ የጠላትን ግድግዳ በላ፤
አንዳንዱ ብረቱን ቀድሞ ለቀመና ጠላት ባዶ እጁን ቀረ ወደ ኋላ፤
አንዳንዱ ምንም አልሠራ፣ ቦታ ያዘ ብቻ፤
ቦታ መያዝም ይበቃል፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ዛቻ።

«ድር ቢያብር» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣
ድሩን ያኔ አየሁት፣ ተንበርክኬ አፈር ውስጥ ፈልጌ፤
ነጭ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ ከሥር ወደ ሥር የተዘረጋ።
አንበሳ አላሰረም። በዚያ ደረቅ በጋ
ሥር ከማይደርስበት ጠብታ እየጎተተ፣
ከቡናዋ አፍ ከተተ።

መልኮ፣ ቤተ ሙከራ፣ በመስታወት ሳህን፣
አንዷን ለይቼ አሳደግኋት፤ ሰጠኋት ገዳዩን።
ዙሪያዋን አጥራ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤
ጮቤ ረገጥኩ።
ከሳህን ወደ ሳህን ሳዛውራት ግን፣ በስድስተኛው ውጊያውን ረሳችው።
ያለ ሥር፣ ያለ ረሀብ፣ ያለ ጎረቤት፣
ስለ ምን ትዋጋ? ጠግባ ተኛች በመስታወት ቤት።

ይህን ልነግረው ሰኞ ደወልኩለት።
«አፈሩ ምን አለ?» «ገና ነው» አልኩት።
እሱ ግን አልጠበቀኝ፤
የሞቱትን ነቅሎ እዚያው አቃጥሏል፤
ገጀራውን ከዛፍ ዛፍ እሳት አስልሷል፤
ከዚያች ከተረፈችው እግር ሥር ቆፍሮ፣
ለየችግኙ ጉድጓድ አንዳንድ እፍኝ ቆጥሮ፣
«እንደ እርሾ ነዋ!» አለኝ።
«ይጸድቅ ይሆን?» ስለው፣
በስልኩ ውስጥ የባልዲ ድምፅ ሰማሁ፤
«እኔ ምን አውቃለሁ? አስተዋውቄያለሁ።
የቀረውን እነሱ ይነጋገሩ፤ እኔ ውኃ አጠጣለሁ።»