ለአዲሷ መምህርት

ማህደር፣ ደርሰሻል አሉኝ፣ ትናንት በማታው መኪና፤
ሞላሌን በጉም አገኘሻት፣ ፊቷን ሳትታጠብ ገና።
ብርዱን አትፍሪው፣ ይለመዳል፤ ባና ነው መድኃኒቱ፤
ሌላ ብርድ አለ፣ ልብ የሚገባ፣ እሱን ነው መፍራቱ።

እኔ ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ፤ ላንቺ የማስረክበው
አንድ ሚዛን፣ ግማሽ ካርቶን ጠመኔ፣ በሩ የማይገጥም ሳጥን ነው።

ግን ዳይሬክተሩ እንደነገረኝ፣ ጠይቀሽዋል አንድ ነገር፦
«እምነቴን ከበሩ ላይ ላውልቀው? ወይስ ይዤው ልሻገር?»
እሱም ሕጉን አነበበልሽ፤ አልተሳሳተም ሰውዬው፤
ክፍሉ የሁሉም ልጅ ቤት ነው፤ ለስብከት ሌላ ነው ጊዜው።
እኔም ለዓመታት ይህን ጥያቄ እንደ ከባድ ስሌት አስልቼ፣
መልሱን አገኘሁት በመጨረሻ፣ ከአንድ ልጅ መዳፍ ላይ አይቼ።

ላቀው ይባላል፤ ከገደሉ ጥግ፣ ሁለት ሰዓት ነው መንገዱ፤
ውርጩ ከጋቢው ሳይረግፍ፣ ክፍል ይገባል ከነብርዱ።
አንድ ማክሰኞ እንቅልፍ ጣለው፣ ስለ ክፍልፋይ እያስረዳሁ፤
ጠራሁት፣ አልሰማም፤ ደገምኩ፣ አልሰማም፤ በማስመሪያ መዳፉን መታሁ።
አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ማታ ሰማሁ፦ እናቱን ሌሊት በቃሬዛ ተሸክመው፣
ከጎረቤት ጋር ጤና ጣቢያ አድርሶ፣ ከዚያ ነው ክፍል የመጣው።
ዐቢይ ጾም ነበር፤ እኔ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣
እህል ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ፣ ጽድቄን እንደ ካባ ለብሼ
ነበር ያቺን እጅ የመታሁት።

በማግስቱ ከሰሌዳው ፊት ቆምኩ፤ ጠመኔውን ሳላነሳ፣
«ላቀው፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ፤ ክፍሉ ትንፋሹን ረሳ።
አንቺ ምናልባት ጠብቀሻል፣ እንባ፣ እቅፍ፣ ጭብጨባ፤
ልጁ ዝም ብሎ ቦታ ቀየረ፤ ከኋላ ወንበር ገባ።
እስከ ግንቦት አላናገረኝም። በግንቦት እጁን አወጣ፦
«ጋሼ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ሦስቱ ከየት መጣ?»
ሒሳቡን ፈታሁለት።
እሱም እኔን ፈታኝ።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ያሳፍራል፤ ግን ስሚው፣ እህቴ፤
ልጁ እንዲያልፍለት አንድ ሰው፣ ሙክት አስሮ ሄደ ከቤቴ።
ለፋሲካ አምስት ቀን ሲቀር ነው፤ ደመወዙ ደግሞ አልቋል፤
በጉ ሌሊቱን ሙሉ ባ አለ፤ ልቤም፣ ልዋሽሽ?፣ አብሮት ብሏል።
ጠዋት ጎትቼ መለስኩት፤ ሰውየው ሰደበኝ በአደባባይ፤
ልጁን ግን ከትምህርት በኋላ አስጠናሁት፣ እስኪጠቁር ሰማይ።
አላለፈም። በሚቀጥለው ዓመት አለፈ።

የነጋዴው ልጅ ሐዋ ደግሞ፣ በረመዳን ቀትር አየኋትና፣
ከንፈሯ ደርቆ፤ ወደ ጠዋት አመጣሁት፣ የከሰዓቱን ፈተና።
ስለ እምነቴ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝ፤
ወረቀቷን ሰጥታ ስትወጣ፣ «አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ።

ማህደር፣ ስምሽን ታውቂዋለሽ? የመጽሐፍ ቤት ነው፣ ቆዳ፤
ብርድ እንዳይገባው፣ መጽሐፉ በዝናብ እንዳይጎዳ።
ልጆቹ መጽሐፉን አይገልጡትም፤ አያዩም ያንቺን ውስጥሽን፤
የሚያነቡት ቆዳውን ነው፤ አገባብሽን፣ አወጣጥሽን፤
ቀይ እስክሪብቶሽ ከወረቀቱ ጥግ ምን ብሎ እንደጻፈ፣
ስም ስትጠሪ ድምፅሽ የቱ ላይ ለስልሶ፣ የቱን ዘሎ እንዳለፈ።
ማተብሽ ባንገትሽ ይኑር፤ ግን ልጆቹ ሲፈልጉት፣
በእጅሽ ላይ ታስሮ ያግኙት፣ በማርክሽ ውስጥ ያንብቡት።

ቅድም ያልኩሽ ብርድ ደግሞ፣ ባና የማይመልሰው፣
ልጁ ሁሉ ቁጥር ሲሆን ነው፤ ሲጠፋሽ ከቁጥሩ ሥር ያለው ሰው።
ያኔ በጠዋት ተነሺ፤ ክፍሉ ባዶ ሳለ ግቢ፤
በየወንበሩ እየዞርሽ፣ ስማቸውን በሹክሹክታ አንብቢ።
ጸሎት ነው? እንጃ።
እኔ እንዲያ ነው የጸለይኩት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት።

የክፍሉ ቁልፍ ከዘበኛው ከጋሽ እሸቴ ዘንድ ነው።
ሦስተኛው ወንበር ይወዛወዛል፤ ከእግሩ ሥር ጠጠር አድርጌያለሁ፣ እንዳታነሺው።
ሚዛኑም ትንሽ ያጋድላል፤
ሰው ከመመዘንሽ በፊት፣ ዕቃ ማለቴ ነው፣
አስተካክዪው።