በግራ ጆሮው

ወንበሮቻችን ሁሉ
በቀኙ በኩል ነበር የሚደረደሩ፤
በግራው የተቀመጠ እንግዳ ቢኖር
በእናቴ ዓይን ከመቀመጫው ይነሳ ነበር።

«ግራውን መድፍ ወስዶታል» ትላለች፣
ዕቃ እንደተዋሰ ጎረቤት፣
ይመልሰው ይመስል አንድ ቀን፣ አንድ ሌሊት።

አሥር አለቃ ጫቅሉ፣ መድፈኛ።
እኩዮቹ ጠላ ቤት ገብተው
ተራራ ሲይዙ፣ ተራራ ሲለቁ፣
እሱ አተላውን ነበር የሚያየው፣
ዓይኖቹ ከብርጭቆው ሳይርቁ።

ስለ ጅጅጋ ሁለት ነገር ነግሮኛል፤
አንድ፦ ሜዳው ሌሊት ሲበርድ አጥንት እንደሚሰነጥቅ፤
ሁለት፦ የመድፉ ብረት ቀን ሲነኩት እጅ እንደሚልጥ።
ሦስተኛውን ሲጀምር
ውኃ ጠየቀኝ።
አመጣሁለት።
ጠጥቶ ስለ ፈተናዬ ጠየቀኝ።

ሠራዊቱ ሲበተን
አዘዞን አቋርጦ መጣ በእግሩ፣
ጢሙ ወርዶ፣ ነጭቶ ጠጉሩ።
እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «ማን ልበል?» አለችው፤
አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ፣
ቀኙን ሰጥቷት፣ «ድገሚው እስቲ» አላት።
ያን ጊዜ ነው ያወቀችው፣
ጆሮውን ሲያዞርላት።

ከዚያ ፒያሳ፣ ከአሮጌው ሕንፃ በረንዳ ሥር፣
አንዲት ሳጥን፣ አንድ አጉሊ መነጽር።
ጥይት ያጎረሰ እጅ
የፀጉር ያህል የቀጠነ ሞላ ይጠመዝዛል፤
ሰዓቱን በቀኙ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ከድኖ፣
እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ያዳምጣል።
«አለ» ይላል። ወይም «የለም»።
ሌላ ቃል አልጨመረም፤
የተከራከረውም የለም።

ሜዳሊያው?
ሣጥኑ የብሎን ማስቀመጫ፤
ራሱ ለታናሽ ወንድሜ ለይርዳው
ጥርስ ሲያበቅል ማላመጫ።

ቀሃ በክረምት ሲሞላ
አምስታችንን አንድ በአንድ አዝሎ አሻገረን፤
መሀል ሲደርስ ይቆማል፣
ውኃው የሚለውን ሰምቶ እስኪጨርስ።
ደብተራችንን በጋዜጣ የለበደው እሱ፣
እንባችንን በእጅጌው ያደረቀው እሱ፣
ሲቆጣ ግን ድምፁ የማይታወቀው፣
ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ራሱም የማያውቀው።

ሌሊት
እማዋይሽ፣ እናቴ፣ በግራው ትተኛለች፤
ቀኝ ጆሮው ትራስ ውስጥ ተቀብሯል።
ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።
ቀን በደህናው ጆሮ፦ «ዘይት አለ፣ ጤፉም አላለቀ።»
ሌሊት በደንቆሮው፦ ቀን ሙሉ የታፈነ፣ የተደበቀ፤
የባለሱቁ ዕዳ፣
ጡቷ ሥር የዳሰሰችው እብጠት፣
አንዴ ደግሞ ለሌላ ሰው መሳቋ፣
እሱ ዘምቶ በሄደበት።

ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ነገረችው።

ባለፈው ፍልሰታ፣ አልጋ ከያዘ በኋላ፣
የእግሩን ጥፍር ስቆርጥለት፦
«እናትሽ ሌሊት የምትለውን
አንዱንም ቃል ሰምቼው አላውቅ» አለኝ፤
«ትንፋሿን ነው የማውቀው።
ዕዳ ሲሆን ይቆራረጣል፤
ጠዋት ወጥቼ እከፍላለሁ።
ፍርሃት ሲሆን ይሞቃል፤
ሐኪም ቤት ለራሴ ነው ብዬ ወሰድኳት፣ ታስታውሻለሽ?
አንዴ ደግሞ...»

ውኃ ጠየቀኝ።

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል
የቀሩት ጓዶቹ፣ አራት ሽማግሌ፣ በር ላይ ቆሙ፤
አንዱ ምርኩዙን እንደ ጠመንጃ አነገተ።
እናቴ ጎንበስ አለች።
«በቀኙ ነይ፣ በቀኙ» አሏት ሴቶቹ፣
ለምደውት።
እሷ በግራ ዞረች።
ያለችውን አልሰማሁም።
ረጅም አልነበረም።

ከዐርባው በኋላ አንድ ሰው መጣ፣
ከአንገረብ ማዶ፣ ጃንጥላውን ይዞ፤
ሳያውቅ በግራ ተቀመጠ።
እናቴ አየችው፤
ዝም አለች።
ሰዓቱን ሊወስድ ኖሯል፣ ከሐምሌ ጀምሮ የተቀመጠ።
ሳጥኑን ከፈትኩ።
ከብሎኖቹ መሀል አወጣሁት፣
በቀኜ አስጠጋሁት፣ ዓይኔን ከደንኩ።

«አለ» አልኩት።