አወዳደቅ

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ሲሚንቶ ያራገፈ መኪና የሚዞርበት፣
ጠጠሩ ያልተለቀመ አንድ ሜዳ አለ፤
ግማሹ በኖራ የተሰመረ፣ ግማሹ ያልተከለለ።

ቅዳሜ በጠዋት ብሎኬት ላይ ቁጭ ብዬ፣
መዝገብ ጉልበቴ ላይ፣ እርሳስ ከጆሮዬ፣
ውድቀት እቆጥራለሁ።
«ለዚህ ይከፈላል?» አለኝ የሳይቱ ዘበኛ።
ይከፈላል አልኩት፤ ቢዘገይም ለእኛ።

ቅጹ ዐምዶች አሉት። ቀን። ዕድሜ። የአካል ክፍል።
ብቻዋን ነው የወደቀችው? ወይስ በትግል?
ሌንሴ፣ ዐሥራ አምስት፣ የግራ ቁርጭምጭሚት።
ኤፍራታ፣ ዐሥራ ሦስት፣ ትከሻ ላይ ምት።
ትርንጎ፣ ዐሥራ ስድስት፣ ግንባር ለግንባር፤
ኳሱን ግን አልለቀቀችም፣ ያን እንቁላል መሳይ ነገር።

ሲነሡ አንድ ቃል ነው ሁሉም አፍ ላይ፦
«ምንም አልሆንኩም!» ደሙ እየታየኝ ከካልሲዋ በላይ።
እኔም ብዬው ነበር በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፤
እስከ ዛሬ ከዝናብ ቀድሞ ያወራል ጉልበቴ።
ለዚህ ቃል ዐምድ የለኝም።
ጠርዙ ላይ በቀጭኑ እጽፈዋለሁ፤ አልሰርዘውም።

ብዙ ወር ፈጀብኝ እስኪገባኝ ድረስ፤
ጉልበቱ ሜዳ ላይ አልነበረም የሚፈርስ።
ውሃው በፈረቃ፣ ሐሙስ ሌሊት ሲመጣ፣
ሌንሴ በሁለት ጀሪካን አራት ፎቅ ስትወጣ፣
ስትወርድ፣
ስትወጣ፣
ዐርብ የሒሳብ ፈተና፣ ቅዳሜ ደግሞ ሜዳ።
ጅማቷ የሚያስታውሰው ያን ደረጃ ነው፤
ቅጼ የሚጠይቀው «ማን ገጨሽ?» ብቻ ነው።

«ደረጃ» የሚል ዐምድ በቀይ እስክሪብቶ ጨመርኩ።
«ጫማው የማን ነው?» አልኩ ቀጥዬ፤ ኤፍራታ
የወንድሟን ጫማ በጋዜጣ ጠቅጥቃ ነው የምትሮጠው።

አሠልጣኙ ቶሎሳ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል።
ቅጠሉ ከየት ይምጣ?
ባሕር ዛፉን ለፎቁ መወጣጫ ቆርጠውታል፤
የተረፉት አራቱ የእኛ ጎል ሆነው ቆመዋል።

በጥቅምት አንድ ቀን ትርንጎ ወደቀች፤
በጀርባ፣ በጭንቅላት፤ ጥቂት ዝም አለች።
ልብስ ከሚያሰጡት፣ ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ፣
«እኔን!» አሉ ሴቶች፤ ቃሉ ወረደ እስከ ሜዳ።
እኔን። እኔን። እኔን።
ደግ ቃል ነው። ግን በሁለት ዓመት መዝገቤ
«እኔን» ወዳለ ሰው የዞረ ጉዳት አላገኘሁም፣ ይህን ሁሉ ሰብስቤ።

ሦስት ሳምንት ትረፍ አልኩ። አለቀሰች፤ ጠላችኝ።
እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ከገበያ መልስ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው
መጡ፦
«እንዳትወድቅብኝ ነው እኔ ያሳደግኋት፤
አንቺ ነሽ አሉ፣ መውደቅ የምታስተምሪያት?»

እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልካድ።
ብሎኬቱን አካፈልኳቸው። ዘንቢሉን መሀላችን አደረጉት፤
ጎመኑ ሜዳው ላይ ያለ ብቸኛው ቅጠል ነበር።

አሮጌ ፍራሽ አነጠፍን፣ ቶሎሳ ከቤቱ ያመጣውን።
አገጭሽን ወደ ደረት፤ እጅሽን አታስቀድሚ፤
በትከሻሽ ተጠቅለዪ፤ የሚጥልሽን አትቀየሚ።
ትርንጎ፣ ዕረፍቷን ጨርሳ፣ ዐሥር ጊዜ ወደቀች፤
ዐሥሩንም እንደ ጆንያ።
በዐሥራ አንደኛው መሬቱ አልጮኸም።
ተጠቅልላ ተነሣች፣ ኳሱ እቅፏ ውስጥ።

«አወዳደቋን አሳምርላት» አሉ እናቷ በቀስታ፤
ሽማግሌ ለራሱ የሚለምነውን
ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ።

ወደ እኛ መጣች፣ ፀጉሯ የፍራሽ ጥጥ ይዞ።
«ያምሻል?» አልኳት፣ እንደ ልማዴ፣
ጠርዙን ለዚያ ቃል አዘጋጅቼ።
እናቷን አየች። እኔን አየች።
«ትንሽ። እዚህ ጋ።»

እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ።