ሞክሼ

መስከረም ጭቃውን አላደረቀም ገና፤
ካውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣው ተፈታና
ደንበጫ ገበያ፣ ጓዙ ተራገፈ፤
ሎጋሪዝሙ ራሰ፣ ካልሲው ጭቃ ላፈ።
እኛ ልጆች ስቀን፣ ለቅመን አስረከብነው፤
«ህንዱ» አልነው፣ በቃ። ስሙ ይኸው ነው።

ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ኪራይ ሰባት ብር፣
ሩዝ አጥቶ ገብስ ቆልቶ ሲቆረጥም ነበር፤
እሑድ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ደጅ ቁጭ ይል ነበር፣
የሚጠራው ሳይኖር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ሰው ሳይጠራ፣
ቀን በጠመኔ ጣቱ ኤክስን ሲያጣራ፣
ሲመሽ ተምጫ ዳር ለውኃው ሲያወራ፤
ወሬውን እስካገሩ ውኃ እንዲመልሰው።
(ተምጫ ዓባይ ገብቶ ግብጽ ነው የሚደርሰው፤
የሱ ባሕር ሌላ ነው። ማን ደፍሮ ያስታውሰው?)

ስቅለት ዕለት ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ አየነው፤
ጃንጥላ ጨብጧል፣ ሰማዩ ብራ ነው።
ሕዝቡ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ግንባሩ አፈር ለብሷል፤
«ኪርያላይሶን» ይላል፤ ድምፁ ደክሞ አንሷል፤
ያ ሰው ግን…
ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል።
አማርኛ ባፉ ጠጠር ሆኖ የነበረ፣
ያችን ቃል ግን እኛን ሳይጠብቅ ጀመረ፤
ባሕር ማዶ ለቅሟት፣ ናቱ ጉያ እያደረ።

ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲው ተቀዷል፣ ሳቅን፤
ገባና በግንባሩ ወደቀ።
ዝም አልን።

ማታ ቄስ ይሁኔ ወይራቸውን ይዘው
ሰልፉን ሲጠበጥቡ፣ ደረሰው ተራው፤
«ስመ ክርስትናህ?» — «ኩሪያኮስ» አላቸው።
ወይራው አየር ላይ እንዳለ ቀረባቸው።
«ቂርቆስ? ያ ሕፃኑ፣ የኢየሉጣው ልጅ?
ከፈላ ጋን የወጣው? በናንተም አለ እንጅ!
ይሁኔ የዓለም ስም ነው፤ ገብረ ቂርቆስ ነው ስሜ፤
ሞክሼ! አርባ አንድ ስገድ፤ አልምርህም ወንድሜ።»

አልሳሱለትም። እንደኛው፣ እንደ ማንም፣
ቅጠሉ እስኪረግፍ መቱት፤ ቀና አላለም።
ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ ሳቅ ይሁን እንባ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ «መምህር ቂርቆስ» ብንለው፣
«ኩሪያኮስ!» ብሎ ተቆጣ። ተምጫንም አልተወው።
ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ በስተቀኝ የናቱን፣
በግራ የኛን ስም፣ በፊደል፣ አጥምሞ እግሩን፤
መሐል ሁለት ሰረዝ፣ እኩል ነው፣ አሰመረ፤
«አረጋግጡ» አለና፣ ጠመኔውን ወረወረ።