ምስጥ

ሄርማታ ነው ቤቴ፤ በርጩማ ስጠርብ
ወገቤን ለዋንዛ ሰጠሁት ያለ ገደብ።
ዝናቡ ሲከብድ፣ አዌቱ ሲሞላ፣
ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ሚስማሩ እንደላላ።

ጎረቤቴ ፊጣ "ይቺን ዋጥ" አለና
ዲክሎፌናክ ሰጠኝ፣ ከኪሱ አወጣና።
ዋጥሁ፤ ሕመሙ ተኛ። ማታ ሌላ ደገምሁ፤
ከዚያ ወዲያማ ቁጥሩንም ዘነጋሁ።
ረመዳን ነበረ፤ ለሱሁር፣ እህል ሳይቀድማት፣
በውኃ ብቻ ነው ኪኒኗን ምውጣት።

አልቃብኝ ልገዛ መድኃኒት ቤት ሄድሁ።
ረውዳ ጠየቀች፦ "ደም ግፊት አለብዎት?"
"አለብኝ፤ የሱንም ኪኒን እወስዳለሁ።"
"ሆድዎን ያቃጥላል?"
"እሱማ ልማዴ ነው።"
"ሰገራዎ ጠቁሯል?"

ይህን ለልጅ እግር ሴት እንዴት ይነግሩታል?
መደርደሪያዋን እያየሁ (እኔው ነኝ የሠራሁት)
"እንደ ሬንጅ" አልኋት።

ኪኒን አልሸጠችም። ባጃጅ ጠራችልኝ።

እኔ ምስጥ አውቃለሁ፤ ላዩ በቫርኒሽ ሲያበራ
ውስጥ ውስጡን ሲቦረቡር፣ ሳይሰማ፣ ሳይጠራ።
ጉልበቴ ዝም ሲል፣ "ዳንሁ" ብዬ ስኮራ፣
ሆዴ ውስጥ ነበረ የምስጡ ሥራ።

ሐኪሙ ደም ሰጠኝ፣ ወቀሰኝ፣ መለሰኝ።
"ግፊትም ጨጓራም ላለበት ሰው ይቺ አትሆንም፤
አይቡፕሮፌንም እህቷ ናት፣ ቤትዎ እንዳትገባ።
ሲያምዎ ይምጡ፤ ሌላ መላ አለ።"

ዛሬ ፊጣ መጣ፣ ወገቡን ደግፎ፤
ኪሱን ይዳብሳል፣ ከደጃፌ አርፎ።
መላጊያዬን አስቀመጥሁ።
"እህል ቀምሰሃል?" አልሁት።
"ስንተኛ ቀንህ ነው?"