ጥገኞች

ሪየካ ወደብ ላይ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
«ቡራ» የሚሉት ንፋስ ሸራ ሲያተራምስ፣
ቬድራና ከፊቴ፣ ወንበሯ ላይ ሆና፣
ሳቀች በቁጣ አንድ ቁጥር አየችና፦
አርባ አንድ ሜጋባይት።

አርባ አንድ! ለምን? ለአንዲት ጎታች ጀልባ፣
«ደርሻለሁ» ብላ ወደብ ለምትገባ።

እኛ የጠራነው አንዱን ነበር፣ አንዱን፤
እሱ ጓዱን ጠራ፣ ጓዱም ባልንጀራውን፣
ባልንጀራው ደግሞ አማቱን፣ ጎረቤቱን፤
ማንም ሳይጠይቅ «ማነህ?» ብሎ ስሙን
ቤቱን ሞሉት።

የጥገኞቹን ዛፍ በወረቀት አትማ
ግድግዳ ላይ ሰቀለች።
ዛፍ ይበሉት እንጂ፣ ሥሩ ወደ ላይ ነው፣
ቅርንጫፉ ቁልቁል ምንጣፉን የነካው።

ቀይ እስክሪብቶ ይዛ፦
«ይሄ መዝገብ ጸሐፊ፤ ይሄም መዝገብ ጸሐፊ፤
ሁለቱን ሊያስታርቅ የገባ ሦስተኛ ጸሐፊ።
ይሄ ዘመን ይቆጥራል በጃፓን ነገሥታት፤
ጀልባችን ከክርክ ደሴት ማዶ የት ልትሄድ ናት?»

ስትቆርጥ፣ ስትገነባ፣
ስትሞክር፣ ስትቆርጥ፣ ምሽቱ ሲገባ
ቁጥሩ ሦስት ነጥብ ሁለት። ፈተናው ሁሉ አረንጓዴ።
ጃር ስንል ጃርት ነበር ለካ፣ አልኩ በሆዴ።

ሲነጋ ደወለ ባርባ ፍራኔ፦
«ማናት ይቺ ጀልባ? የማላውቃት እኔ?»
መልእክቱ ደርሷል። በሰዓቱ ደርሷል።
ከ«ሽክርፒና» ላይ ግን አንድ ፊደል ጎድሏል፤
በ«ሽ» ቦታ የጥያቄ ምልክት ቆሟል፦
?ክርፒና።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪዋን ጨብጦ
በገዛ ጀልባው ስም ቆመ ተደናግጦ።

ቬድራና ተነሳች። ወረቀቱን አየች።
ከታች፣ ምንጣፉ ጋ፣ ጣቷን አሳረፈች፦
አሥራ አንድ ፋይል ብቻ፣ ስሙ የማይጠራ፣
አንድ ሰው ጽፎት የሄደ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አደራ።
«ሽ»ን «ሽ» አድርጎ ማሳለፍ እንጂ ሌላ ሥራ የለው።
ትናንት ማታ ነው በቀይ የሰረዘችው።

ጥገኛ የሚሉት ቃል መልኩ ሁለት ነው፤
ደም መጣጭም እሱ፣ ጥግ የፈለገም እሱ ነው።
ቀይ እስክሪብቶ ታዲያ ማንን ከማን ይለየው?

መለሰችው። አጠገቡም ለሚመጣ ቆራጭ
አንዲት መስመር ጻፈች፦
«ከመቁረጥህ በፊት የጀልባዋን ስም ጮክ ብለህ አንብብ።»

ቁጥሩ ሦስት ነጥብ ሦስት ሆነ።
ባርባ ፍራኔ ስልኩን ዘጋ፤ ማንንም አላመሰገነ።