የአረቡ መስመር

ሐረጎ አፋፍ ላይ፣ ሚኒባሱን ትተን፣
በፍየል መሄጃ፣ ቁልቁል ተንሸራተን፣
ቦርከና ወረድን፣ እኔና አረቡ፣
ሁለቱ ገደሎች፣ እስኪቀራረቡ።

ሰማዩ ጠበበ፣ መቀነት አከለ፤
ዳገቱን የሞላው፣ የሲኖትራክ ጩኸት
እንደ ትንኝ ሆኖ፣ ጆሮ ላይ ቀለለ።

«ጥቁሩን እርገጠው፤ አረንጓዴው ያታልላል፤»
አለችኝ አረቡ። ውሃው አጥንት ይበላል።

ከዋሻው አፍ ደረስን። የሌሊት ወፍ ሽታ፣
የረጠበ ኖራ፣ የጠብታ ጨዋታ።
ባትሪዋን አበራች፣ ግድግዳውን ቃኘች፣
ከራሷ በላይ፣ ቀይ መስመር አገኘች።

የራሷ ቀለም ነው።
ለውሃ ቢሮ ስትለካ፣ በወጣትነቷ፣
ቁጭ ብላ ነበር የቀባችው ያኔ፤
አሁን ተንጠራርታም፣ አልነካውም ጣቷ።

«አጠርሽ እንዴ?» አልኳት።
ሳቀች፤ ሳቋ ከዋሻው፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።
«እኔስ ያው ነኝ፤ ወንዙ ነው፣ ሥሬን የቦረቦረ፣
የቆምኩበትን አፈር፣ ኮምቦልቻ ያደረሰ።»

ማታ ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው አጥር ሥር፣
ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አወለቀች፤
ገልብጣ መታችው፤
አንድ ጭብጥ የማይሞላ፣ እርጥብ አሸዋ ወጣ።
«ይኸው» አለች፣
«ዛሬ ደግሞ በእግሬ፣ ትንሽ አገዝኩት።»